ለሐኪም ቤት የታጠበ ቁስል

ጸድቷል! ራጁ ጸድቷል! ዛሬ ጠዋት በዓይናችን አየነው፤ ያ ግራውን ጎን እንደ እንጦጦ ጉም ሸፍኖት የነበረው ነጭ ነገር ድራሹ ጠፍቷል። ሐኪሙ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ እያለ ተመለከተና «ክኒኑ ይበቃል፤ ይሂዱና ሥራዎን ይሥሩ» አለ። በቃ! የጉንፋን መድኃኒት የሚያስቆም ይመስል እንዲህ ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ «አልሐምዱሊላህ!» ስል ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ኖሮ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

የማን ራጅ? እውነትም እሱን አልተናገርኩም። የሾዴ ነው፤ የሸማኔው ጎረቤቴ። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ላይ የእኔ ሱቅና የእሱ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ጠዋት መወርወሪያውን ቀኝና ግራ ማመላለስ ሲጀምር መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። አሁንም እየተንጫጩ ነው! እሱ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ነጠላ ለመጨረስ ይጣደፋል፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ባንኮኒዬ ላይ ተደፍቼ እጽፋለሁ። ነጠላዋ የማን እንደሆነች ስደርስበት እናገራለሁ። ባለፈው ወር ስለ ቦኖ ውኃ ወረፋ የጻፍኳት ነገር በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተለጥፋ ሰው እየቆመ ሲስቅ ካየሁ ወዲህ እጄ ዝም ማለት አቅቶታል። ባለቤቴ ሀጂራ «ሙዘይን፣ ሰው ስኳር ሲጠይቅህ ወረቀት እንዳትመዝንለት» ትለኛለች።

ሾዴ በልጅነቱ ከጨንቻ ከአጎቱ ጋር መጥቶ ጉለሌ የቀረ ሰው ነው። ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ልጅ ሆኜ ጉድጓድ ገባሁ፣ እስካሁን አልወጣሁም» ይላል፤ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥሎ መርገጫ እየረገጠ ስለሚሠራ ነው። ሰውን የሚያስታውሰው በፊቱ አይደለም፣ በለበሰው ነው። «ያቺ ጥለቷ የተንሻፈፈው ሴትዮ መጥታ ነበር» ይላል፤ ማን እንደሆነች የምንደርስበት እኛ ነን። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ የፊተኛውን ሰው ጋቢ ጠርዝ በጣቱ ሲዳስስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ክር ሲበጠስበት ይቋጥርና ትርፉን በጥርሱ ይቆርጠዋል። መቀሱ አጠገቡ ተቀምጦ! ከዓመታት ብዛት በግራ በኩል ያለችው የጎን ጥርሱ ተሸርፋ፣ ጠቁራ፣ እስከ ሥሯ በሰበሰች። አንዳንድ ቀን ጉንጩ አብጦ ይመጣል። «አስነቅላት እንጂ፣ ሰውዬ!» ስለው «መቀሴን ነቅዬ በምን ልሥራ?» ይለኛል። ይቺን ጥርስ አደራ እንዳትረሷት።

አምና መስከረም ላይ፣ ያው የድርቁ ዓመት መግቢያ፣ በግድግዳው በኩል የሚመጣልኝ ድምፅ ተለወጠ። መወርወሪያው ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ሳል። ከዚያ እንደገና ትንሽ ይሄዳል። ጌጤ፣ ሚስቱ፣ «ደረቱን እንጨቱ ላይ እያስደገፈ ነው፤ እንጨቱ ነው የጎዳው» አለች። እኛም እንጨቱ ነው አልን። በኋላ ማታ ማታ ላብ አጠመቀው፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸገረው። ሐኪም ቤት ሲሄድ ራጅ ተነሣ፣ ግራ ሳንባው በውኃና በጥላ ተሞልቶ ተገኘ፤ «ሳንባ ነቀርሳ» ተባለ። በዚያ ኮሪደር ከተቀመጠው ሰው ግማሹ በሽታው ይኸው ስለነበር እንዲህ ብሎ መገመት የሚያስፈርድ አይደለም። መርፌውን ተወጋ፣ ክኒኑን ዋጠ። ጌጤ አንድም ቀን አላስቀረችበትም።

ወራት አለፉ። ሰውዬው አልዳነም። አክታው በተመረመረ ቁጥር የነቀርሳ ተሕዋስ አይገኝበትም፤ ቢሆንም መድኃኒቱ ይቀጥል ይባላል። እሱ ግን እየቀለጠ ሄደ። ከዚያ በግራ ብብቱ ሥር እንደ እንቁላል ያለ ነገር አበጠና ፈነዳ። መግል። መግሉ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆመም።

እዚህ ላይ ስለ ጌጤ መናገር አለብኝ። ጌጤ ንጹሕ ሴት ናት። የእሷ ደጅ ላይ ዶሮ እንኳ እግሩን ጠርጎ የሚያልፍ ይመስለኛል። ሐኪም ፊት መቅረብ ደግሞ ለእሷ ቤተ ክርስቲያን እንደመሳለም ነው፤ ገላ ይታጠባል፣ የታጠበ ልብስ ይለበሳል። እሷ ብቻ አይደለችም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው፤ እኔም ጥርሴን ልታይ ስሄድ ካልሲ እቀይራለሁ። እናም በየጠዋቱ ውኃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራ፣ ቁስሉን ታጥብና ከባሏ እጅ የወጣ ነጭ ቁራጭ ሸማ ታደርግበታለች። ሾዴ ሐኪም ቤት ሲደርስ እንደ ሙሽራ ያበራል። ልንቀብረው ጥቂት የቀረን ሙሽራ!

መጋቢት ላይ ተራው ዶክተር ዘርትሁን ጋ ደረሰው። ቀጠን ያለች፣ ፈጠን ያለች፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። ጌጤ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ደግፈነው ገባን። ዶክተሯ የቆዩትን ፊልሞች አንድ በአንድ አየች።

«መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ነው የወሰዱት፣ ጋሼ ሾዴ?»

«ማን ያስቋርጠኛል?» አለ ሾዴ፣ በአገጩ ወደ ጌጤ እያመለከተ። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ትንፋሽ ይፈልጋል። «ክኒኑን ካልዋጥኩ... እሷ እኔን ትውጠኛለች።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። ጨርቁን አነሣች። ነጭ፤ ነጠብጣብ የለበትም። «ይሄ መቼ ተቀየረ?»

«አሁን ጠዋት ነዋ!» አለች ጌጤ በኩራት።

«ከመግሉ ጋር ሌላ የሚወጣ ነገር አለ? ጠጠር የሚመስል፣ ፍሬ የሚመስል?»

ጌጤ አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት አየች። «ኧረ ምንም የለውም፣ ዶክተር። ንጹሕ ነው።»

ዶክተሯ በመርፌ ከውስጥ መግል ቀዳች፤ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደችው፤ ተመልሳ መጣች። ምንም የለም። የነቀርሳ ተሕዋስም የለም፣ ሌላም የለም። «ነገ ሳይታጠብ ይምጣ» አለች። «እትዬ ጌጤ፣ ዛሬ ወደ ማታ በሚደረግለት ጨርቅ እንዳለ ይምጣ። ቢቆሽሽ፣ ቢሸት፣ የማነሣው እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ ወሎ፣ የድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ ተመድቤ እሄዳለሁ። ማየት የምችለው ነገ ብቻ ነው።»

ሁለቱ ሲወጡ እኔን በእጇ አስቀረችኝ። «ወንድሙ ነዎት?»

«ጎረቤቱ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይወቁት። ምክንያቱን ነገ ካላገኘሁ ደረቱ ተከፍቶ ይታይ መባሉ አይቀርም። በዚህ አቅሙ ደግሞ ከማደንዘዣው የሚነቃ አይመስለኝም።»

ይህን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ለጌጤ አልነገርኳትም፤ ያን ማታ ብነግራት ኖሮ እላለሁ፣ ግን ማን ያውቃል።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። የሾዴ ሸሚዝ በብብቱ በኩል ረጥቧል። ሙቀቱ ሲጨምር ሽታው ተነሣ። ከፊታችን የተቀመጠች ወይዘሮ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። አንዱ ከኋላ «ምን የሞተ ነገር ነው የጫናችሁት?» አለ። ሾዴ፣ ሾዴ ነውና፣ «ገና ነኝ፣ ወንድሜ» አለው። ሰው ሳቀ። ጌጤ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ ፍም መስሎ እስከምንወርድ ድረስ ከመስኮቱ ውጪ ብቻ ታይ ነበር።

እኔ ወረፋ ልይዝ ቀድሜ ገባሁ። ትንሽ ቆይተው መጡ። ሾዴ አጠገቤ ሲቀመጥ አፍንጫዬን የመታኝ ምን ይመስላችኋል? ሳሙና! የራሴ ሱቅ ሳሙና!

«ጌጤ!» አልኳት። «ምን አደረግሽ?»

«በሩ ጋ ቧንቧ ነበር» አለች፣ አንገቷን እንደደፋች። «በሰው ፊት እንዲያ አዋርጄው... እሷስ ብትሆን እጇን የምታገባበት አይደል? ላዩን ብቻ ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የጠረግኩት።»

ዶክተሯ ጨርቁን ስታነሣ ነጭ ነበር። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አሮጌው ጨርቅ የት አለ?» አለች ቀስ ብላ።

ቧንቧው ጋ ካለው በርሜል ነበር የጣለችው። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሆዴ፣ በሕሙማኑ መሐል እየተጋጨሁ ሮጥኩ። በርሜሉ ባዶ ነው። ከግቢው ጀርባ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጉድጓድ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ስመለስ ጌጤ እያለቀሰች ነበር። «ሐኪም ፊት እኮ ነው ያቀረብኩት! ሸቶ ይቅረብልዎት?»

«አዎ! ሸቶ!» አለች ዶክተሯ፤ አሁን ድምፅዋ ወጣ። «እኔ የምፈልገው እርስዎ የሚያጥቡትን ነው!» ወዲያው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆየችና አዲስ ፋሻ አወጣች። ቁስሉ ላይ ራሷ አደረገችው። «ጋሼ ሾዴ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ። ሳል ሲመጣ አያፍኑት። እኔ በመሐል በመሐል እየወጣሁ አያለሁ። እትዬ ጌጤ፣ እጅዎን ይሰብስቡ።»

ጌጤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለች።

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እሱ ላይ አስተኛነው፤ ጭንቅላቱ ጌጤ ጭን ላይ፣ እግሩ እኔ ጭን ላይ። ትንፋሹ እንደ ደከመ ወናፍ ነው፤ ይገባል፣ አይወጣም፤ ይወጣል፣ አይገባም። ጠዋቱ አለፈ። ዶክተሯ ወጥታ የፋሻውን ጫፍ ገለጥ አደረገች፤ ደረቅ ነው። የጠዋቱ እጥበት አድርቆታል። ምሳ ሰዓት አለፈ። አሁንም ደረቅ። አንድ ሹፌር መጥቶ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ እየተጫነ ነው፤ ዕቃዎን ዛሬ አይሰጡኝም?» ሲላት ሰማሁ። «ቆይ» አለችው። ሾዴ ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ዓይኑን ጨፍኖ የሹፌሩን ሹራብ ዳሰሰ፤ «የፋብሪካ ነው» አለ። መቃዠት ጀመረ ብዬ ደነገጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ስትዞር ከባድ ሳል ያዘው። ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ ይዘነዋል፣ ይስላል፣ ይዘነዋል፣ ይስላል። ሲያበቃ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ፋሻው ግን ረጥቧል። ዶክተሯ እየሮጠች መጣች። ፋሻውን በመቆንጠጫ ቀስ አድርጋ አነሣችና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። እኔ ከኋላዋ፣ ጌጤ ከኋላዬ። ወፍራም መግል፣ ትንሽ ደም። ሌላ አልታየኝም። ዶክተሯ ፋሻውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

እዚያ ነበሩ። ጤፍ የሚያክሉ፣ ከጤፍም የሚያንሱ ቢጫ ፍሬዎች። ሦስት ወይ አራት።

«ኧረ እነሱ እንኳ ክር ናቸው!» አለች ጌጤ፣ አፍራ ልትሞት። «የጥለት ክር ነው ዶክተር፣ ብናኝ ነው! ዘንድሮ የሸማኔ ማኅበሩ ያደላቸው ክር ቢጫ ቢጫው በዝቶ፣ ልብሱም አልጋውም ቢጫ ሆኖ... እኔ በየቀኑ ጠርጌ ጠርጌ አልጨርሰው አልኩ!»

ዶክተሯ ዞራ አየቻት። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ። የሥራ ቆሻሻ ይዞ መጣ እንዳይባል ነው እኮ ያልተናገርኩት።»

ዶክተሯ ፋሻውን እንደ እንቁላል ይዛ ላቦራቶሪ ገባችና በሩን ዘጋች።

አሁን የእኔን ጭንቀት አስቡት። ጌጤ ትክክል ብትሆንስ? የሾዴን ቤት አውቀዋለሁ። አምና የሠራው ጥለት ሁሉ ቢጫ ነበር፤ ከግድግዳው ስንጥቅ እየገባ እኔ ስኳር ላይ እንኳ ቢጫ ብናኝ አግኝቻለሁ! ክር ከሆነ ነገ ዶክተሯ የለችም፤ ደረቱ ይከፈታል፤ በቃ። ያን በር እያየሁ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አልኩ። ጌጤ መድኃኔዓለምን ትለማመጣለች። ሾዴ አንድ ዓይኑን ገልጦ «የሁለታችሁም ልመና አንድ ላይ ከደረሰ... እዚያ ማንን ያስቀድሙ ይሆን?» አለ። ልመታው ምንም አልቀረኝ።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ዘርትሁን ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች። «ይዛችሁት ግቡ» አለች። ተሸክመነው ገባን።

«በመስታወት መሐል ስጫነው ክር ቢሆን ይተኛ ነበር» አለች። «እሱ ግን እንደ አሸዋ ፍርክስ አለ። ቀለም ሰጥቼዋለሁ። ጋሼ ሾዴ፣ እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

ደግፈን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋነው። ዓይኑን ማስተካከል አቅቶት ትንሽ ቆየ። «ኧረ ይሄማ ድር ነው!» አለ። «ማነው እንዲህ ያወታተበው? የማን እጅ ነው? ጀማሪ ነው!»

እኔም አየሁ፤ ወላሂ ያለው እውነት ነው። ከፀጉር የቀጠነ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ቅርንጫፍ እያወጣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክር። ግን የሰው ክር አይደለም። ሕይወት ያለው ክር ነው።

«ይሄ ነው ደረትዎ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሠራ የከረመው ሸማኔ» አለች ዶክተሯ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

«ኪራይ ሳይከፍል?»

ስሙን ደጋግማ ነገረችኝ፤ አክቲኖማይኮሲስ ይባላል። ነቀርሳ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። ባክቴሪያ ነው። በየሰው አፍ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ጥርስ ሲበሰብስ እዚያ ይበዛል፤ አልፎ አልፎ ሰው ተኝቶ ሳለ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርድና ሳንባውን፣ ሽፋኑን፣ የጎድን አጥንቱን ሳይለይ እየሰረሰረ በቆዳ በኩል ይወጣል። መንጋጋ ላይ ይታያል፣ ደረት ውስጥ ግን ብርቅ ነው። አየር ስለማይወድ በተራው ምርመራ አይበቅልም። የሚያጋልጠው ያ ቢጫ ፍሬው ነው፤ ያ ፍሬ ደግሞ በየጠዋቱ ታጥቦ ሲጣል ከርሟል! «እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ አንድ ጊዜ፣ መንጋጋ ላይ ነው ያየሁት» አለች። «የነቀርሳው መድኃኒት ይህን አይገድለውም። የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። ብዙ ፔኒሲሊን፣ ረጅም ጊዜ።» ከዚያ «አፍዎን ይክፈቱ» አለችው።

ከፈተ። ያቺ ጥርስ! ዶክተሯ ጥርሷን አየች፣ እኛን አየች። «ዛሬውኑ ትነቀል።»

ሰውዬው ያን ሁሉ መርፌ፣ ያን ሁሉ ሥቃይ ዝም ብሎ ችሎ፣ ጥርስ ሲባል አገር ይያዝ አለ። «ያመመኝ ደረቴ! የምትነቅሉት ጥርሴን! ሙዘይን፣ ንገራቸው እንጂ፣ መቀሴ ናት!»

«ሱቄ ውስጥ መቀስ ሞልቶልሃል፣ ዝም ብለህ ክፈት» አልኩት።

ዶክተር ዘርትሁን በማግስቱ ንጋት ሄደች። ከመሄዷ በፊት አልጋ አስይዛው ለነርሷ «ትኩሳቱ ቶሎ ባይወርድ እንዳይቋረጥ፤ ይሄ በሽታ ግትር ነው» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። እውነትም ግትር ነው። ቀንም ሌትም መርፌ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሾዴ መቀለዱን አቆመ። ሾዴ መቀለድ ካቆመ እንግዲህ... እኔ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ጌጤ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ «እንጦጦ ፀበል ልውሰደው። እሷም ተሳስታ ከሆነስ? ያ ነገር ክር ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እኔም አንቺም በዓይናችን አይተናል።»

«እኔማ በየቀኑ በዓይኔ አይቼው ክር ነው ብዬ አይደል እንዴ የጣልኩት!»

«ፀበሉን አምጪለት፣ መርፌውንም ይወጋ» አልኳት በመጨረሻ። አመጣች። ሁለቱም ቀጠለ። ሱቄን ከፍቼ ስውል ከግድግዳው ወዲያ ያለው ዝምታ ያደነቁረኝ ነበር። ሰው ጨው ሲለኝ ክብሪት እሰጣለሁ።

አንድ ጠዋት ምሳውን ይዤ ስገባ ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ሾዴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቹ ይዞ ይመረምራል። «ይሄ ጥለት ተንሻፏል» ይላታል። «ማነው የሠራልሽ? አጭበርብሮሻል!» ግንባሩን ነካሁት። ቀዝቃዛ! እንደ ንጋት ውኃ ቀዝቃዛ! ምሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ተመልሼ ወጣሁ፤ ሲያለቅስ የሚታይ ባለ ሱቅ ዱቤ ይበዛበታል።

ቁስሉ ተዘጋ። መርፌው ሲያበቃ ክኒን ተሰጠው፤ እስከ ዘንድሮ የሚዘልቅ ክኒን። ትንሽ ሥጋ ሲያወጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። «ዳንኩ እኮ! የምን ክኒን ነው?» ይላል። ጌጤ ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆማለች፤ መርገጫውን በእግሯ ትይዝበታለች፤ ሳይውጥ ድሩ አይንቀሳቀስም። «ካልዋጥክ ጥርስህን እንዳስነቀልኩህ እጅህንም አስነቅልሃለሁ» ስትለው በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። እሱም ይውጣል። በየቀጠሮው ደግሞ ጌጤ ሳታጥበው ነው የምትወስደው! ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ እንኳ! ሸሚዙን ሳይቀይር ሲወጣ «ሰው ምን ይለኛል?» ቢላት «ሐኪሟ እንዲህ ነው ያለችው» ትላለች። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ያ ጩኸት ነው።

እናም ዛሬ ጠዋት ራጁ ጸዳ። ስንወጣ ያቺው ነርስ በደስታ እጇን አጨብጭባ «ዶክተር ዘርትሁን ይህን አላወቀችም!» አለች። እንዴት? ከወሎ ወደ ሌላ ጣቢያ፣ ከሌላው ወደ ሌላ ሲያዘዋውሯት የሾዴ ነገር ምን እንደደረሰ የነገራት ሰው የለም። ሞቶ ይሆናል ብላ ትታዋለች ማለት ነው! ትናንት ማታ ግን ወደ ከተማ ገብታለች፤ ዊንጌት እናቷ ቤት ነው ያደረችው፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው መልሶ ይዟት ይሄዳል። ሾዴ ይህን ሲሰማ ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ነው የወጣው። ለዶክተሯ ብሎ ከፋሲካ ጀምሮ ሲሠራት የቆየች ነጠላ አለች፤ ጥቂት ጣት ነበር የቀራት። ጥለቷ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። «ቢጫስ?» ብለው «ቢጫ ከቤቴ አይገባም!» ብሎ ጮኸብኝ።

ቆይ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ።

«ሙዘይን! አለቀች!» ጌጤ ናት፣ በግድግዳው በኩል። «ውኃ ጥጃለሁ፣ ለቅለቅ ላድርጋትና...»

«እንዳታጥቢያት!» አልኩ። ሾዴም ከወዲያ እኩል ጮኸ።

ሀጂራ፣ ሱቁን ያዢልኝ። ዊንጌት ሩቅ ነው፣ መኪናውም አይጠብቅም፤ ሄድኩ።